በእትዬ ላቀች ሽሮ ላይ የሰጠሁት ፍርድ

ሐምሌ 26

ሩት ወደ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ተዛውራ ከሄደች አራት ወር ሞላት። ሌላው ሰው ሚስቱ ስትርቅበት ግጥም ይጽፋል። እኔ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት እየዞርኩ ፍርድ እጽፋለሁ። ይህችም ደብተር ለዚሁ ተገዛች።

ዛሬ መናኸሪያው ማዶ ያለው ሥጋ ቤት። ጥብስ። በሬው በሕይወት ዘመኑ ብዙ ያረሰ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲገባው የታረደ ትልቅ ሰው ነበር። አንዱን ቁራጭ አኝኬ ሳልጨርስ ዝናቡ መጥቶ ሄደ። አዋዜው ግን ጥሩ። አስተናጋጇም ጥሩ... መንጋጋዬን ስይዝ አይታ ሳልጠይቃት ሁለት ስቴኪኒ አመጣችልኝ።

ፍርድ፦ አዋዜውና ልጅቷ በነፃ ይሰናበቱ። ለበሬው ነፍስ ይማር።

ሐምሌ 28

አዲሱ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል። ሜኑው በቆዳ የተለበጠ፣ ስምንት ገጽ። ላዛኛ? የለም። ዓሣ ጉላሽ? አልቋል። ክለብ ሳንድዊች? አስተናጋጁ አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ። ያለውን ንገረኝ አልኩት። ፓስታ በስጎ አለ። ስምንት ገጽ ለአንድ ፓስታ!

ሲያመጣው ግን እንደ ሙሽራ አጅቦ ነው። ፓስታው ከመቀቀሉ ብዛት ሹካ ላይ መቆም አቅቶት ነበር። ጨርሼ በላሁለት። ለሜኑው ሳይሆን ለልጁ አንገት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባች። ሥጋ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ከተማው ሁሉ ጾመኛ። ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት ስለሆነ ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። መሥሪያ ቤት ሰሌዳው ላይ «ሙላቴ፦ መስክ» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። መስኩ የእትዬ ላቀች ቤት ነው።

አንድ ክፍል፣ አምስት አግዳሚ፣ ዝናብ ሲመታው የማያነጋግር ቆርቆሮ። በሩ ላይ «የጾም ምግብ አለ» ይላል፣ ዓመቱን ሙሉ። ሥጋ ከዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። ጎረቤታቸው ባለሱቁ ኢድሪስ ከእኛ ጋር አንድ ትሪ የሚቀርበውም ለዚሁ ነው። ሥጋ ከሌለ ማን አረደው የለም። «የእናንተ ጾም ለእኔ ድግስ ነው» ይላል። ጥጉ ጋ መጋረጃ አለ፤ ከጀርባው መሪጌታ ሀብተማርያም። በሰው ፊት ስለማይበሉ እትዬ ላቀች ራሳቸው ሰፍተው የሰቀሉላቸው ነው። እጃቸው ብቻ ወጥቶ እንጀራ ሲጨምሩላቸው ይቀበላል።

ሽሮው በሸክላው እየተንተከተከ መጣ። እንግዲህ ምን ልጻፍ? ሃያ ዓመት ምግብ ቤት ሲያማ የኖረ አፍ የሚያማው አጣ። ወፍራም ነው፣ ግን አይከብድም። ነጣ ይላል... ከምላስ ላይ ለመውረድ አይቸኩልም። ምን ይገባበታል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሳት» አሉኝ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

ፍርድ፦ ለነገ ተቀጥሯል።

ነሐሴ 2

ፍርዱ ተሰጠ። በኮሪደር፣ በሕዝብ ፊት።

መሥሪያ ቤት «ዳኛው» ነው የሚሉኝ። የት እንብላ ያለ ሁሉ ወደ መዝገብ ቤት ይመጣል። ዛሬ ጸሐፊያችን ጌጤ ጠየቀችኝ፣ ሌሎቹም ከበቡኝ። መነጽሬን አወለቅሁ። ፊቴን አጠቆርኩ። «እትዬ ላቀች ቤት ሂዱ» አልኳቸው። «ሽሮው ግን ቅቤ ነው። እንዲህ የሚጥም ነገር ያለ ቅቤ አይሠራም። ስትሄዱ የንስሐ አባታችሁን አስከትሉ።»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ጌጤ ብቻ አልሳቀችም። የጾም ድካም ይሆናል...

በዘንድሮ ዓመት ከሰጠኋቸው ፍርዶች ይህ ይበልጣል። ማታ ለሩት በስልክ ነገርኳት። «ሴትዮዋ ሰምተዋል?» አለች። ለምን ይሰማሉ? ምስጋና እኮ ነው!

ነሐሴ 4

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት አግዳሚ ባዶ። መጋረጃው ተገልጧል፣ ከጀርባው ሰው የለም። መሪጌታ አሟቸው ይሆን? ምስሩ ዛሬ ትንሽ ጨው በዝቶበታል። እትዬ ላቀች ሲያበስሉ በሩን በሩን እያዩ ነበር።

ነሐሴ 5

እኔና ኢድሪስ ብቻ። እትዬ ላቀች ሙሉ ድስት ያማስላሉ፣ የሚበላው የለም።

ቆርቆሮው እየጮኸ ስለነበር ኢድሪስ ጆሮዬ ሥር ነገረኝ። ቅቤ ታደርጋለች ተብሏል አለ። በፍልሰታ! አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ምግብ የሚያውቅ ሰው፣ ቀምሶ መሰከረ ተብሏል። መሪጌታም ሰምተው ቀርተዋል። እሳቸው ከቀሩ ማን ይመጣል?

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ቀልዴን ለካ ሳቁን ጥለው ነው የወሰዱት። ለነገሩ ሳቁን ማን ይወስድልኛል ብዬ ነበር? ጾመኛ ከተማ ላይ፣ የጾም ቤት ላይ፣ ቅቤ አልኩ። ዝንጀሮ ነው ብል ይሻል ነበር።

«ምነው ቀዘቀዝክ?» አለኝ ኢድሪስ።

ብርዱ ነው አልኩት።

ነሐሴ 6

ሄድኩ። በላሁ። አልነገርኳቸውም። ሳልጠይቅ ሽሮ ጨመሩልኝ።

ነሐሴ 7

ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ በላሁ። ለምግቡ አይደለም፤ ፊታቸውን ላለማየት ነው። በያይነቱ። ጎመኑ ሦስት ቅጠል፣ ቀይ ሥሩ እንጀራውን በሙሉ አቅልቶ የራሱን ግዛት አስፍቷል። ድንቹን ፈልጌ አጣሁት። ሌላ ጊዜ ይህችን አንቀጽ ጽፌ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከምሳ በፊት ጌጤን አገኘኋት። ያ ነገር እኮ ቀልድ ነው አልኳት።

«አሁን አዝነህላቸው ነው» አለች።

አይደለም፣ የምር ቀልድ ነው አልኩ። የምር ቀልድ! ራሴም ሰምቼ አፈርኩ። እሷ ግን አመሰገነችኝ። በፍልሰታ መጀመሪያ ቀን እዚያ በልታ ኖሮ ጾሜን ሻርኩ ብላ ለንስሐ አባቷ ተናግራለች። በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት ሰጥተዋታል። ጉልበቷን እያሻሸች ነው የምታወራኝ። ባትነግረን ኖሮ ጾሙን በሙሉ በቅቤ እንጨርሰው ነበር አለችኝ።

የእሷ ስግደት በማን ይቆጠር?

ነሐሴ 8

ኢድሪስ መላ አመጣ። እትዬ ላቀች በሰው ፊት ያብስሉ፣ ሁሉም የሚገባበትን ይይ፣ ነገሩ ይለቅ። እትዬ ላቀች እምቢ አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ከአክስቴ የተማርኩት ነው። ለልጄም ገና አላሳየኋትም። ለወሬ ላሳየው?»

ኢድሪስ ወደ ሱቁ ሲመለስ ተከተልኩት። ከእሱ ምን እንደሚገዙ ያውቃል። «አሥራ አምስት ዓመት እየመዘንኩ ሰጥቻቸዋለሁ» አለ። «ቅቤ እንዳልሆነ እምላለሁ። ምን እንደሆነ ግን አንተም ብትሆን አልነግርህም። የእሳቸው ነው።» ግን የእስላም ነጋዴ ስለ ክርስቲያን ጾም ቢምል ማን ይሰማዋል? እሱም ያውቀዋል። ሚዛኑን መወልወል ጀመረ።

ሌላም ነገረኝ። እትዬ ላቀች በየዓመቱ ለደብረ ታቦር በዓል ለአብነት ተማሪዎቹ ዳቦ ይጋግራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት አላቋረጡም። ትናንት ከደብሩ ሰው ተልኮ ዘንድሮ አይድከሙ ብሏቸዋል። ጨዋ አነጋገር ነው... አይድከሙ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ያላለቀሱ ሴት ለዳቦው አለቀሱ አለኝ።

ነሐሴ 9

ነገርኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ቁጭ አላልኩም። እትዬ፣ ያንን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ጌጤ ገና በጾሙ በአራተኛው ቀን መጥታ ነግራኛለች። ሙላቴ ነው ያለው አለችኝ።»

እንግዲህ አምስተኛው ቀን ላይ ሲያቀርቡልኝ ያውቁ ነበር። ስድስተኛው ቀን ላይ ሲጨምሩልኝም! ለምን አልተናገሩኝም ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው ራሱ ድፍረት ነው።

«አንተ መቼ እንደምትነግረኝ ልይ ብዬ ነዋ፣ ልጄ። ሲጨመርልህ የሚያንቅህ መስሎኝ ነበር። ደህና አድርገህ በላህ።» ከዚያ ድስቱን አወረዱ። «ቀልዱ ክፉ አይደለም። ሌላ ሴት ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።»

ምን ላድርግ አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ። ያልኩት እኔ አይደለሁ።»

ዛሬ ፍርድ የተሰጠው በእኔ ላይ ነው። ይግባኝ የለውም።

ነሐሴ 11

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታን ደጀ ሰላሙ ጋ ጠብቄ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ሰባት ቀን ቆሎ ነው የበላሁት» አሉ። «በአንተ ቀልድ።»

ይቅር በሉኝ አልኩ። እኔን ብቻ ይቅርታ ብትጠይቀኝ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ አሉ። በኮሪደር ያልከውን በኮሪደር፣ ከተማ የሰማውን ከተማ ፊት። ከነገ ወዲያ በዓላችን ነው፣ ሕዝቡ ይመጣል። እትዬ ላቀች ዳቦውን ይጋግሩ፣ አንተ ተሸክመህ አምጣ።

ተሸክሜ? እኔ? ሱፍ ለብሼ?

«ሱፉን ልበስ» አሉ። «የሚያውቁህ በሱ አይደል።»

ነሐሴ 13

መጀመሪያ የሆነውን ልጻፍ፣ በኋላ አስባለሁ።

ዳቦው ትልቅ ነው። በኮባ የተጋገረ፣ ገና የሚፋጅ። እትዬ ላቀች በነጠላ ጠቅልለው ትከሻዬ ላይ አሸከሙኝና ከኋላዬ መጡ። ጭቃው ተረከዝ ይውጣል። ባጃጅ ነጂዎች እያቆሙ አዩኝ። ኢድሪስም ሱቁን ዘግቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሸኘን፣ እዚያ ቆመ።

ቅዳሴ ወጣ። ሕዝቡ ዋርካው ሥር፣ ጌጤም አለች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም። ዳቦውን አስቀምጬ መነጽሬን አወለቅሁ። ያቺ ነበረች ጥፋቴ፤ መነጽር ማውለቄን አይተው ገና ሳልናገር ሳቁ። በእትዬ ላቀች ሽሮ ውስጥ ቅቤ የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ ያንን ያልኩት ለሳቅ ነው አልኩ። የባሰ ሳቁ! አንዱ «ዳኛው ዛሬም ችሎት ላይ ነው» አለ። ሃያ ዓመት ሲያስቅ የኖረ ሰው እውነት ሲናገር ምን ዓይነት ፊት ያድርግ? ሌላ ፊት የለኝም እኮ። ዞር ስል እትዬ ላቀች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

ያኔ ጌጤ ትዝ አለችኝ። «ጌጤ፣ የሰገድሽው የእኔ ዕዳ ነው፤ ልመልስልሽ» አልኩና ከነሱፌ ጭቃው ላይ ተደፋሁ። አንድ። ተነሣሁ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ የሚስቅ ሰው አልሰማሁም። አራተኛው ላይ የመሪጌታ መቋሚያ ትከሻዬን ነካኝ።

«ተው» አሉ። «ዛሬ የጌታ በዓል ነው። አይሰገድም።»

ንስሐዬ እንኳ ስሕተት! ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ነው... ጌጤም ሳቀችበት። መሪጌታ አልሳቁም። ወደ ዳቦው ሄዱ፣ ነጠላውን ገለጡ፣ ባረኩት። ከዚያ ከዳር ቆርሰው በሰው ሁሉ ፊት፣ ያለ መጋረጃ፣ ጎረሱ።

ተማሪዎቹ መጡ። ዳቦው በምን ፍጥነት እንዳለቀ አላየሁም። ለአጥሩ ማዶ አንድ ትልቅ ቁራሽ ጌጤ ይዛ ስትሄድ ግን አየሁ። ኢድሪስ በሁለት እጁ ተቀበላት።

ነሐሴ 14

አምስቱም አግዳሚ ሞላ። እኔ ቆሜ በላሁ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ እጅ ይወጣል፣ እጅ ይገባል። ጌጤ ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታች። ከተማው በሙሉ ወደ ሥጋ ቤቶቹ ፈሰሰ። ጠዋት ኮሪደር ላይ ዛሬ ጥብስ የት ይሻላል አሉኝ። ሄዳችሁ ቅመሱ አልኳቸው። ፊቴን እያዩ ቀጣዩን ጠበቁ። ቀጣይ የለም ብዬ ወደ መዝገቦቼ ገባሁ።

ሩት ለዕረፍት ዛሬ ማታ ትገባለች። ምሳ ግን ብቻዬን ስለነበርኩ ወደ እትዬ ላቀች ሄድኩ። ባዶ ነው፤ የጾም ቤት በፍስክ መጀመሪያ ቀን ማን ይመጣል። ሳያናግሩኝ ሁለት ሸክላ አቀረቡልኝ። ሁለቱም ሽሮ፣ ሁለቱም ይንተከተካሉ። አንደኛው ላይ ቅቤ ቀልጦ ቢጫ ክብ ሠርቷል። ከኢድሪስ ቤት ነው ያስመጣሁት፣ ዛሬ ተፈቅዷል አሉ።

«እንግዲህ ዳኛው። ፍረድ።»

ትይዩዬ ተቀመጡ። ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ከቅቤው ቀመስኩ፣ ከሌላው ቀመስኩ። እንደገና። ብዙ የሚያስቅ ነገር ወደ አፌ መጣ። በእንጀራ መለስኩት።

ስጨርስ ቅቤ የገባበት ሸክላ ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር። የጾሙ ግን የታጠበ መስሏል፤ ጠርዙን ሳይቀር ጠርጌዋለሁ።

እትዬ ላቀች ሁለቱን ሸክላዎች ተራ በተራ አዩ።

«ሰማሁ» አሉና ተነሡ።