የካዎ መሬት፣ የጃንሆይ ሰፈር

ውድ ወንድሜ ኤርጫፎ፣

መጀመሪያ «ውድ ጋሼ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ አራተኛው ላይ ነኝ። ጤናህን አልጠይቅም፤ መምህር ዘመድኩን ባለፈው ሳምንት ሲደውልልህ ድምፅህ የጎረምሳ ድምፅ እንደሆነ ነግሮኛል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ሌላው ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በእጄ። አስቀድሜ የምነግርህ በምክንያት ነው። ለመምህር ዘመድኩን «እህቴ ጃጅታለች፤ ደግሞ ፊደል አትለይም፤ አነበብኩ የምትለውን አትመኑ» ብለኸዋል። አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን አታውቅም። ስድሳ አራት ዓመት ሲሆነኝ ቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ትምህርት ከፈተች፤ ሜሮን የምትባል፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ አስተማረችኝ። «እማማ፣ እስክሪብቶውን አንቀው አይያዙት፣ የትም አያመልጥም» ትለኝ ነበር። አሁን ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን አንድም ቃል አልዘልም። ስልክ ብደውል ትዘጋብኛለህ፤ ደብዳቤ ግን ካልቀደድከው አይዘጋም።

የምጽፍልህ ስለ ድንጋዩ ነው። የሰፈራችን ኮሚቴ በጃንሆይ ማረፊያ ቤት በር ላይ የሰፈሩን ታሪክ የሚናገር እብነ በረድ ሊያቆም ነው። ቀራጩ ሐሙስ ጠዋት ይጀምራል። ዛሬ እሁድ ነው። ረቂቁ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ይህን ቦታ የአካባቢው ተወላጅ አቶ ኦይታ ለንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ፈቃዳቸው በስጦታ አበርክተዋል።» ይህን የነገርካቸው አንተ ነህ። አንዴ ከተቀረጸ አባባ የሽማግሌዎቹን ሜዳ፣ ዱቡሻውን፣ አሳልፎ የሰጠ ሰው ሆኖ በድንጋይ ላይ ይቀራል። የሞተ ሰው ደግሞ ተነስቶ አልሰጠሁም አይልም።

አባባ ከሞተ ወዲህ አልመጣህምና ሰፈሩን አታውቀውም። ሴቻ ላይ ሰው ቤት ለመከራየት የሚሻማበት ሰፈር ሆኗል። ስሙ ጃንሆይ ሰፈር ነው። ማረፊያ ቤቱ አሁንም አለ፤ ቀይ ቆርቆሮው ዝጎ ጠቁሯል። በደርግ ጊዜ የካድሬዎች ቢሮ ሆነ፣ ከዚያ የእርዳታ በቆሎ መጋዘን፣ ከዚያ ለብዙ ዓመት የሌሊት ወፍ መኖሪያ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱ የሲሚንቶ አንበሶች አሉ፤ የአንደኛው የታች መንጋጋ ወልቋል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲመረቁ እጃቸውን አፉ ውስጥ ከትተው ፎቶ ይነሳሉ። ዝግባው አለ። ከሥሩ የነበሩትን የሽማግሌዎች መቀመጫ ድንጋዮች ግን አትፈልጋቸው፤ ተጠርበው የማረፊያ ቤቱ ደረጃ ሆነዋል። እኔ አንድም ቀን ረግጫቸው አላውቅም። ከላይ ሆኖ አባያና ጫሞ አንድ ላይ ይታያሉ ይላሉ። ጃንሆይ እዚያ ቆመው ሐይቁን አይተዋል የሚል አለ፣ ጨርሶ አላደሩበትም የሚልም አለ። እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም።

ጽጌሬዳ፣ ባለሱቋ ጎረቤቴ፣ «የንጉሥ ሰፈር እያሉን ውሃ የሚመጣልን በሳምንት አንዴ ነው፤ ንጉሡ ሳይታጠቡ ነው እንዴ የሄዱት?» እያለች ትቀልዳለች። ሰው ሁሉ ይስቃል። ስሙ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ግን በሕይወት ካለነው ሁለታችን ብቻ ነን። የኔን ድርሻ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ያንተን ከዚያ በኋላ።

በ1957 ዓመተ ምሕረት የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ በአንድ ሹም ቤት ልጅ አዝል ነበር። አማርኛ የተማርኩት እዚያ ነው፤ አብዛኛውን በስድብ። አንድ ቀን የመንግሥት ጸሐፊው ጃንጥላውን ይዞ ወደ ዱቡሻው መጣና የሚያስተረጉምለት አጣ። አንተ ወደ ሐይቁ ወርደህ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ» አለኝ። የሹሙን ልጅ እንዳዘልኩ ሄድኩ።

አባባ ከዝግባው ሥር ቆሞ ነበር። ጸሐፊው «ይህ መሬት የማን ነው ብለሽ ጠይቂው» አለኝ። ጠየቅኩት። አባባ «የካዎ ነው። የማንም አይደለም» አለ።

ይህ በእኛ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚፈርዱበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። ካዎ፣ የራሳችን አገር ንጉሥ፣ ይመርቀዋል እንጂ አያርሰውም፣ አይሸጠውም። የካዎ ነው ማለት የሁላችን ነው፣ ማንም እጁን አያግባበት ማለት ነው። እኔ ግን በሹሙ ቤት የማውቀው ንጉሥ አንድ ነበር፤ ግድግዳው ላይ በፎቶ የተሰቀሉት። «የንጉሥ ናት ይላል። የማንም አይደለችም» ብዬ ተረጎምኩ። ቦታውን «ናት» ብዬ በመጥራቴ ጸሐፊው ሳቀብኝ። በቀረው አልሳቀም። ጻፈው።

ያን ጊዜ አንተ ከሐይቁ መጣህ። አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር፣ አራተኛ ክፍል ደርሰሃል። ጸሐፊው «ማንበብ የሚችል አለ?» ሲል አባባ በኩራት ወዳንተ ጠቆመ። ከንፈርህ እየተንቀሳቀሰ ስታነብ አየሁህ፤ እኔም ኮርቼብህ ነበር። አባባ በጋሞኛ «ምን ይላል?» አለህ። «ደህና ነው፤ ጣትህን አስነካ» አልከው። ሌላ ቃል ከአፍህ አልወጣም። አባባ ጣቱን ቀለም አስነክሮ ወረቀቱ ላይ አተመ።

በሁለተኛው ሳምንት በጸሐፊው ቢሮ ተላላኪ ሆነህ ገባህ፤ ካኪ ኮት ሰጡህ። በሦስተኛው ወር ዱቡሻው ታጠረ፤ የጃንሆይ ማረፊያ ቤት ተሠራበት።

ሽማግሌዎቹ አባባን ጠሩት። «ዱቡሻውን በምን ሸጥከው? በልጅህ ካኪ ነው?» አሉት። አልሸጥኩም አለ። ጎሜ ነው ተባለ፤ ምድር የምትቆጣበት ጥፋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት የሚሰጠው፣ በአንድ ቅል አብሮት የሚጠጣ ጠፋ። አባባ እኔን የጠየቀኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እንሰት ሊተክል እየቆፈረ፣ ቀና ሳይል፣ «ያን ቀን ምን ብለሽ ነገርሽው?» አለኝ። «አንተ ያልከውን» አልኩት። መቆፈሩን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ ደግሞ አልጠየቀኝም። ሬሳውን የተሸከሙት ስድስት ሰዎች ናቸው። የሚቀይራቸው ስላልነበረ አቀበቱ ላይ ሁለት ጊዜ መሬት አሳረፉት። አንተ «ሥራ በዝቶብኛል» ብለህ ላክህ።

እኔ ስድሳ ዓመት ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ብዬ ኖርኩ። አንተ ያነበብከው ወረቀት ደህና ነበር፤ የተበላሸው ጸሐፊው ከኔ አፍ የሰማውን ለአለቆቹ ሲነግር ነው ብዬ አምን ነበር። ፊደል የሚያውቅ ሰው ደህና ነው ካለ እኔ ማን ነኝና እጠራጠራለሁ?

ባለፈው ማክሰኞ መምህር ዘመድኩን ቤቴ መጣ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር። የድሮውን ወረቀት ኮፒ ከመዝገብ ቤት አግኝቶ ደስ ብሎታል።

«እትዬ አገኘሽ፣ የአባትዎን አሻራ ላሳይዎት። ላንብብልዎት?»

«መነጽሬን አቀብለኝና ዝም በል» አልኩት።

ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። «ቦታው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መሆኑን፣ ባለቤት ነኝ የሚልም አለመኖሩን ኦይታ አምኖ አስረክቧል» ይላል። እስከዚህ ድረስ የኔ አፍ ነው፤ አውቄዋለሁ። ከአሻራው በታች ግን በሌላ እጅ የተጻፈ መስመር አለ፦ «ቃሉን በአገሩ ቋንቋ ለአባቴ አንብቤ አስረድቻለሁ። ኤርጫፎ ኦይታ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«ምነው እትዬ? ጠቆሩ እኮ» አለኝ።

«አላነበበለትም።»

«ማን?»

«ወንድሜ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አላነበበለትም።»

ከቤቴ ሳይወጣ የደወለልህ ለዚህ ነው። አንተም ጃጅታለች አልከው።

ኤርጫፎ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቅ ነበር። «አባባ፣ ካዎን ጃንሆይ አድርገው ጽፈውታል» ማለት ይበቃ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ስህተት ነበር፤ በአንድ ቃል ይታረም ነበር። ለካኪው ብለህ ነው? ጸሐፊውን ፈርተህ ነው? ወይስ አማርኛው ከብዶህ፣ አልገባኝም ማለት አፍረህ? ይህን ሦስተኛውን ብዙ አስቤበታለሁ። ለአራተኛ ክፍል ልጅ «ባለቤት ነኝ የሚልም አለመኖሩን» የሚለው ከባድ ነው። እኔም ከስድስት ዓመት ትምህርት በኋላ ተንገዳግጄበታለሁ። እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ነው በል። ይህ ይቅር ይባላል። ግን በኋላ ሽማግሌዎቹ አንተንም ሲጠይቁህ «ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ አላየሁም» ብለሃል። ያ አማርኛ አልነበረም። በጋሞኛ ነው የዋሸኸው።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ረቂቁ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። እጄን አውጥቼ «ስጦታ አይደለም» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከራሴ ጀምሬ። ጽጌሬዳ ወንበር አስጠጋችልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

ወንደሰን የሚባል፣ ፎቅ እየሠራ ያለ ሰው ተነሳ። «እትዬ፣ የሰፈሩን ስም ሊያበላሹብን ነው እንዴ? ሰው እዚህ የሚከራየው በስሙ እኮ ነው!»

«አንተ የምታከራየው ቤት ነው ወይስ ስም?» አለችው ጽጌሬዳ። አዳራሹ ሳቀ።

«እሺ፣ የስድሳ ዓመት ነገር ማን ይመሰክራል?»

«እኔ» አልኩ።

«እርስዎማ ጥፋተኛዋ ነዎት፤ አሁን በአፍዎ ነገሩን አይደል?»

ሳቁ ቆመ። እውነቱን ነው።

ከኋላ ጋሽ ዳና በከዘራው ተነሳ። አባቱ አባባን ከአገር ሸንጎ ካስወጡት ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። «አባቴ ሊሞት ሲል፣ ኦይታ የሚሸጥ ሰው አይመስለኝም ነበር አለኝ» አለ። «በአባትሽ ላይ ፈርዶ እንደተጸጸተ ሞተ። ለካ እውነቱ ስድሳ ዓመት አንቺ ዘንድ ኖሯል?»

«እኔ ዘንድ ነበር፣ ጋሼ።»

ሲወጣ ለሁሉም እጁን ሰጠ፤ ለኔ አልሰጠኝም።

ኮሚቴው የወሰነው ይህን ነው። ወረቀቱ ላይ የፈረመው ምስክር በሕይወት ስላለ ቃሉ ይሰማ ተባለ። እስከ ረቡዕ ይጠብቁሃል። አንብቤለታለሁ ካልክ ወረቀቱ እንዳለ ይጸናል፣ የአባባ ስም ከስጦታው ጋር ይቀረጻል። አላነበብኩለትም ካልክ ስጦታ የሚለው ይወጣና ይህ ይገባል፦ «ይህ ቦታ የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ነበር። ኦይታ አልሰጡትም፤ በልጆቻቸው ጥፋት ተወሰደ።» በልጆቻቸው የሚለውን እኔ ነኝ ያስገባሁት። መምህር ዘመድኩን «እትዬ፣ በስህተት ብንለው አይሻልም?» ብሎኝ ነበር። አይሻልም አልኩት።

እድሜዬን በሙሉ ለምኜህ አላውቅም። እናታችን ስትታመም አልለመንኩህም፣ ቤቴ ሲያፈስ አልለመንኩህም። አሁን እለምንሃለሁ፤ ለራሴም አይደለም። ከልጆችህና ከልጅ ልጆችህ ፊት ማፈር እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ዛሬ ከሰፈሩ ሁሉ ፊት አፍሬ ገብቻለሁ፤ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ አልሞትኩም።

በስልክ ከምትናገረው መጥተህ ብትናገረው ይሻላል። ከመጣህ እርጥብ ሣር ይዘን፣ እንደ አገራችን ወግ ተንበርክከን፣ ጋሽ ዳናን አብረን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሣሩን እኔ እቆርጣለሁ። ከአባባ ልጆች አንዱ ብቻ ሄዶ ቢንበረከክ ግማሽ ነው። እምቢ ብትል እንኳ እኔ እሄዳለሁ፤ ጋሽ ዳናም ሁለተኛው የት አለ ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለትን አላውቅም።

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶብስ ወደ ሆሳዕና ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ነገውኑ እጅህ ይገባል። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ይህን የምለው ወደዚህ ለሚመጣው መንገድ ብቻ ነው።

ሲቀላ መናኸሪያ ስትወርድ ባጃጅ ያዝ። ዱቡሻ ውሰደኝ ብትለው የባጃጁ ልጅ አያውቀውም። «ጃንሆይ ሰፈር» በለው። ሌላ ስም አላስቀረንለትም።

እህትህ
አገኘሽ ኦይታ
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ