የግራው ጥግ

መስከረም 19

ልምምድ ተጀመረ። ሜዳው ገና አልደረቀም። ከእንጨት ፋብሪካችን መሰንጠቂያ ክፍል ሰጋቱራ በጋሪ አስመጥቼ ጎሎቹ ፊት አስበተንኩ። ልብስ መቀየሪያችን የድሮ የቫርኒሽ መጋዘን ስለሆነ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚሄደው አዲስ ቁም ሳጥን፣ አዲስ ቁም ሳጥን እየሸተተ ነው።

ሙጫ ዘገየ። "ይቅርታ ኮች፣ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው።" የፋብሪካውን የጭነት መኪና የሚነዳው እሱ ነው። ሜዳ ላይ ኮች፣ ቤት ጋሼ ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ነው። ሙጫ ያሉት ኳስ እጁ ላይ ስለምትጣበቅ ነው። አሰልጣኝ ከሆንኩ ጀምሮ ሌላ በረኛ አሰልፌ አላውቅም።

እግሬን ደክሞኛል። ዛሬ ሌላ ወሬ የለም።

መስከረም 28

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። "ሲሚንቶዎቹ ይቀጠቅጧችኋል፣ እናንተ ታጨበጭባላችሁ። እስከ መቼ ነው?" ምን ይባላል? የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ምድባችንን እንደ ግል ንብረቱ ይዞታል። በየዓመቱ ዋንጫው የነሱ፣ ሁለተኛነቱ የኛ።

"ዘንድሮም ከወሰዱት ቡድኑ ይፈርሳል። ሜዳውን ለእንጨት ማድረቂያ እፈልገዋለሁ።"

ለልጆቹ ልንገራቸው? ወኔያቸው ቢሰለብ... ለሙጫ ብቻ ነገርኩት። "ታዲያ ምን ችግር አለው ጋሼ? እንበላቸዋለን!" ብሎ ሳቀ። ለሱ ሁሉም ነገር ቀላል ነው።

ጥቅምት 9

ቡሎን የሚሉትን ከጥገና ክፍል አመጣሁ። አጭር፣ ደልደል ያለ ልጅ። ፍጥነቱን ያየሁት ሜዳ ላይ አይደለም፣ የምሳ ደወል ሲደወል ነው። ማን ሊቀድመው! አጥቂ አደረግኩት።

ከመጋዘን ደግሞ ክሬን የሚሉትን ረጅሙን ወሰድኩ። ከላይ የሚወረወርለትን ጣውላ እየቀለበ ሲደረድር አይቼው። ለሁለተኛ በረኛነት ይሆናል። የሚያሠለጥነው ሙጫ ራሱ ነው። "ከእጅህ በፊት እግርህን አንቀሳቅስ፣ አንተ የመብራት እንጨት!" ሲለው ሁሉም በሳቅ ሞቱ። ክሬንም ጭምር።

ጥቅምት 24

እማዬ ቤት ነበርን። ሙጫ ሸሚዙን አውልቆ ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ግራ ትከሻውን በዘይት አሸሁት። አምና ወልቆ ከገባ ወዲህ ልክ አይደለም። ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

"ጋሼ፣ አደራ። በረኛ ትከሻው እንደሚያመው ከታወቀ አለቀለት።"

"ለማን እናገራለሁ ብለህ ነው?"

እማዬ ከጓዳ፣ "ሁለታችሁም አብዳችኋል። ሐኪም እያለ ዘይት!" አለች።

ዝቅ ላለች ኳስ ወደ ግራ ሲወድቅ ይዘገያል። ትንሽ ነው... የዓይን ጥቅሻ ያህል። ግን አየሁት።

ኅዳር 30

ሲሚንቶዎቹ ሁለት፣ እኛ ባዶ።

የመጀመሪያዋ በጭንቅላት ናት፣ ምንም አይደረግም። ሁለተኛዋ መሬት ለመሬት በግራው ጥግ ገባች። ተመልካቹ ተከላካዮቹን ሰደበ። "ተነካክታ ነው እንጂ ሙጫ አይስታትም ነበር" ተባለ። አልተነካካችም። ሙጫ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

ታኅሣሥ 3

ሙጫ ወይስ ክሬን? ክሬን ልምምድ ላይ ምንም አያሳልፍም። ምክትሌም ገብቶታል። ትምህርት ቤት ስፖርት የሚያስተምር ጨዋ ሰው ነው፣ ነገር በጎን ነው የሚናገረው። "ረጅሙ ልጅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱን እንኳ ማጠፊያ አጣ" አለኝ። ገባኝ።

ሙጫን ወንበር ላይ ካላስቀመጥኩት ቡድኑ ይፈርሳል። ካስቀመጥኩትስ?

ታኅሣሥ 5

ነገርኩት። የመኪናው ጋቢና ውስጥ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

"ከእሁድ ጀምሮ ክሬን ይገባል።"

ቀልድ መሰለው። ከዚያ ፊቴን አየ። "በዕድሜዬ ነው?"

"በትከሻህ ነው።"

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። "ትከሻዬን እኮ ያወቅከው ወንድሜ ስለሆንክ ነው። አሰልጣኝ ስለሆንክ አይደለም።"

ሁለተኛ በረኛ ሆነህ ቆይ አልኩት። ታከም፣ ከዚያ ተመለስ አልኩት። ለሥራ አስኪያጁ እነግርልሃለሁ... ብዙ ቀባጠርኩ። "ጭነት አለብኝ፣ ውረድልኝ" አለ።

ወረድኩ።

ታኅሣሥ 13

ልምምድ አልመጣም። ማሊያውን አጥቦ፣ ተኩሶ በዘበኛው በኩል ላከው። ተኩሶ! ቢወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 21

እያሸነፍን ነው። ቡሎን በየጨዋታው ያገባል። ክሬን መረቡን ዘግቶታል። አማካዮቹ ሳይተያዩ መቀባበል ጀምረዋል። እንዲህ ያለ ቡድን ኖሮኝ አያውቅም። ሠራተኛው ሲያልፍ ትከሻዬን ይመታኛል፣ "አንበሳ!" ይለኛል።

ሙጫ በግቢው ውስጥ መኪናውን ይዞ ሲያልፍ መስኮቱን ይዘጋል።

የካቲት 14

እማዬ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመች።

"ወንድምህ ሲሚንቶ ገባ።"

"ምን ሊሠራ?"

"ሊነዳ። ደግሞ ሊጫወት። በረኛቸው ጣቱ ተሰበረ አሉ።"

ሲሚንቶዎቹ ትከሻውን አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት ስሙን ነው።

"ስትገናኙ እኔ ለማን ላጨብጭብ?" አለችኝ። "ጥሩ ለተጫወተው" አልኳት። ሰው ለእናቱ እንዲህ ያለ መልስ ይሰጣል? ስልኩን ዘጋችው።

መጋቢት 17

በአንድ ነጥብ ይቀድሙናል። የመጨረሻው ጨዋታ ከነሱ ጋር ነው፣ በኛ ሜዳ። አቻ አይበቃንም። ማሸነፍ አለብን።

ምክትሌ ዛሬ በጎን መናገሩን ተወው። "ይቅርታ አድርግልኝና... አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። የት ጋ እንደሚከብደው ሳታውቅ አትቀርም።"

"የሚከብደው ቦታ የለም" አልኩት። ዋሸሁት። ደስ አለኝ በመዋሸቴ።

ሚያዝያ 11

ነገ ነው። ለልጆቹ ስለ ቡድኑ መፍረስ ዛሬ ነገርኳቸው። ክሬን ብቻ፣ "ወደ መጋዘን ብቻ ልመለስ ነው ማለት ነው?" አለ። የፈለገው መቀለድ ነበር።

ስለ ትከሻው ግን አልናገርም። በራሳቸው ጉልበት ካገቡበት ያግቡበት።

ሚያዝያ 12

ልጽፈው እጄ እምቢ ይለኛል። ግን ልጻፈው።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሙጫ ወፍ ሆነ። ቡሎን ብቻውን ደርሶ መታ፣ በእግሩ መለሰበት። የማዕዘን ምቱን ከሰው ጭንቅላት ላይ ለቀመው። የኛው ተመልካች ራሱ ረስቶ አጨበጨበለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ አየሁት... ወንድሜ እንዲህ ጎበዝ ነበር? እማዬ ከመግቢያው አጠገብ ተቀምጣለች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ።

እረፍት። ባዶ ለባዶ። የቫርኒሹ ሽታ ውስጥ ልጆቹ ወለል ላይ ተዘርረዋል። ከመካከላቸው አንዱ ታኬታውን እየፈታ ያለቅሳል፣ ገና ሳንሸነፍ። ሁሉም ወደኔ ያያሉ። አሰልጣኝ አይደለሁ?

ቡሎንን ወደ ጥግ ጠራሁት።

"ከፍ አታድርጋት። መሬት ለመሬት፣ በግራው።"

"በማን ግራ ኮች?"

"በሱ ግራ።"

ይኸው ነው። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። በቃ።

ቡሎን እንዳልኩት መታ። ሙጫ አየ፣ ወደቀ፣ ዘገየ። ኳሷ ገባች። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፣ ምክትሌ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሙጫ ግን ኳሷን አላየም፣ ተከላካዮቹንም አልተቆጣም። እንደተጋደመ አንገቱን አዙሮ ወደ ወንበራችን ተመለከተ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢሆን እኮ...

ከዚያ ትከሻውን ያዘ። ወልቋል። ከመስመሩ አልፌ ሮጥኩ። ዳኛውም አልከለከለኝም። እንዴት እንደሚያዝ የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ልንበረከክ ስል፣

"አትንካኝ" አለ። ቀስ ብሎ። ለሌላ ሰው አልተሰማም።

በቃሬዛ አወጡት። ጨዋታው ቀጠለ። አንድ ለባዶ አሸነፍን። ልጆቹ ወደ ላይ እየወረወሩ ቀለቡኝ። ከላይ ሆኜ መግቢያውን አየሁ። እማዬ የተቀመጠችበት ወንበር ባዶ ነበር።

ሚያዝያ 15

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። ሁልጊዜ ስታየኝ "ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል" የምትለኝ ሴት ናት።

"ተኝቷል" አለችኝ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር፣ አልተኛም። የያዝኩትን ብርቱካን ተቀበለችኝ። "ቀዶ ጥገና አለው። ከእንግዲህ ኳስ የለም ብለዋል። መንዳቱም... እናያለን።" ከዚያ፣ "ትከሻውን እንደሚያመው እኔ እንኳ አላውቅም ነበር" አለች። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ግንቦት 2

ዋንጫውን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መስታወት ውስጥ አስገቡት። ሜዳው አይነካም ተባለ። ልጆቹ ሥራቸው ላይ እየዘፈኑ ነው። ደስ ይበላቸው። ይገባቸዋል፣ እነሱ ምን አጠፉ?

ቡሎን መጣ። "ኮች፣ ግራውን እንዴት አወቅከው?" የእውነት ሊማር ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። "ገመትኩ" አልኩት።

ግንቦት 20

ደወልኩለት። አነሳው። መተንፈሱ ይሰማኛል። "ይቅር በለኝ" አልኩ። ሌላም ልጨምር ነበር። ቡድኑ፣ ልጆቹ፣ ሜዳው...

"ልጆቹን አዳንክ። ጥሩ አደረግክ" አለኝ። ምፀት አልነበረበትም። "እኔ ግን ሸሚዜን አውልቄ የምቀመጥልህ ሰው ነበርኩ።"

ስልኩን ዘጋ።

ሰኔ 16

እሁድ። እማዬ ቤት። ሙጫ ሲሚንቶ ፋብሪካው በር ላይ መዛኝ ሆኗል፣ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ይመዝናል። ቀኝ እጁ ደህና ነው፣ ግራው ከትከሻ በላይ አይነሳም። ይህንንም የሰማሁት ከሷ ነው። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ እኔ እሁድ እሁድ።

ምሳ አቀረበችልኝ። አብራኝ አልበላችም፣ ትናንት ስለበላች አይርባትም አለች። ቅዳሜ ብመጣስ አልኳት። እንዲያው አንድ ቀን... ሳልናገር ጥግ ላይ ብቀመጥ።

"ጠይቄልህ ነበር።"

"ምን አለ?"

"'እሱ ቅዳሜን ከፈለገ ይውሰደው፣ እኔ ሰኞ እመጣለሁ' አለ።"

ሳህኑን አነሳች። ፍርፋሪውን በእጇ ሰብስባ ቆመች።

"ልጆቼን በፈረቃ ነው የማያቸው" አለች።

ሳቅሁ። የፋብሪካ ሰው ስለሆንኩ ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ስል እሷ አልሳቀችም።