በሐምሌ የተገኘው የአንኮበር ባሕር

ይድረስ ለክቡር የጉብኝት ወቅት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል? ቢሮዎ በማሞቂያ፣ ወንበርዎ በትራስ፣ ጤናዎም በሁሉም ረገድ እንደተሟላልዎ ተስፋ እናደርጋለን። እኛ በአንኮበር ጎብኚን ከመኪና መንገድ ተቀብለን ወደ አሮጌው ቤተ መንግሥት ጉብታ በበቅሎ የምናወጣ፣ በተራ የምንሠራ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ጸሐፊያችንም እኔ ነኝ። ይህን ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩልዎ ከዚህ በፊት አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ስለተረዳሁ ነው።

አንባቢ ሁሉ እንዲከተለኝ ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጥ። ዓምና በሚያዝያ ጽሕፈት ቤትዎ አንኮበርን ለመጎብኘት ምርጡ ወቅት የቱ እንደሆነ የሚያስረዳ ባለቀለም መመሪያ አሳትሞ አደለን። በመመሪያው መሠረት ምርጡ ወቅት ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ አይመከርም። ጎብኚው ስስ ልብስ፣ ነጠላ ጫማና የፀሐይ መነጽር እንዲይዝ፣ አመሻሽ ላይም በባሕሩ ዳር እንዲንሸራሸር ተመክሯል። ለሌላ አገር የባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈ ጽሑፍ ወስዳችሁ የከተማዋን ስም ብቻ በአንኮበር እንደተካችሁ ለመረዳት ብዙ መማር አላስፈለገንም። ባሕሩን መሰረዝ እንኳ ሰልችቷችኋል።

ስለዚህ ምስጋናችንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

፩ኛ. ስለ ወቅቱ አመራረጥ። በሐምሌ ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ ገደሉን ሲሞላው ሰው የሚጎትታትን በቅሎ ጆሮ አያይም። በጥቅምትና በኅዳር ግን የጠዋቱ ውርጭ ከለቀቀ በኋላ ከጉብታው ላይ ሆኖ የአፋር ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል፤ ወፍ ለማየት ከስንት አገር የሚመጡት ፈረንጆችም የሚመጡት ያኔ ነው። ይህን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ባለሙያዎች ስላሉት አላወቀም።

፪ኛ. ስለ ፈቃዱ። መመሪያው ወረቀት ሆኖ ቢቀር ስቀን እናልፈው ነበር። እናንተ ግን የሥራ ፈቃዳችንን ከእሱ ጋር አሰራችሁት፤ በምርጡ ወቅት ተራው ደርሶ ያልተገኘ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ከወቅቱ ውጭ ጎብኚ ያወጣም ይቀጣል። በሐምሌ ማሳችንን ለአረም ትተን ጉም ውስጥ ቆምን፤ በጥቅምት በጠራ ሰማይ ሥር እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ስለዚህ ብልሃት ምን ብለን እንደምናመሰግን ቸግሮናል።

፫ኛ. ስለ ወልደአረጋይ። ሐምሌ አሥራ ስድስት ቀን ተራው የዚህ ባልደረባችን ነበር። መመሪያውን ይዘው ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ባሕሩ የሚታይበትን ቦታ ጠየቁት። ባሕር እንደሌለ ቢነግራቸው መመሪያው ላይ ያረፈውን ማኅተማችሁን አሳዩት። እንግዳ ማሳፈር የማይወድ ሰው ነውና ጉሙ ጥቂት ቢገለጥ ብሎ ወደ ገደሉ አፋፍ መራቸው። ነጠላ ጫማ ያደረገችው ሴት ጭቃው ላይ ስትንሸራተት እሷን ወደ ኋላ ገፍቶ አዳናት፤ እሱ ግን ከነበቅሎው ገደል ገባ። በቅሎዋ ሞተች። እሱ ዳሌው ከተሰበረ ይኸው አሥር ወሩ፤ ፀሐይ ለመሞቅ ከአልጋው ወደ ደጅ የሚወጣው በሁለት ሰው ድጋፍ ነው።

ደብዳቤዎቹ ቢተኙ ደጃችሁ ድረስ መጥተን አቤት ብንል የጽሑፍ መልስ ሰጣችሁን። አደጋው የደረሰው በሚመከረው ወቅት ውስጥ በመሆኑ የአየሩ ሁኔታ እንደ ምክንያት ሊቀርብ አይችልም ይላል። ይህን የጻፈውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል፤ ንቀቴን በፖስታ መላክ አላረካኝም።

፬ኛ. ስለ መጪው ሐምሌ። በእኛ ልማድ የታመመ ሰው ተራ ሲደርስ ጎረቤቱ ይወጣለታል፤ ጠያቂም ተጠያቂም የለም። መመሪያችሁ ግን መተካካትን ከልክሎ ተራው ለቤተሰብ ብቻ እንዲተላለፍ ስላዘዘ፣ የወልደአረጋይ ተራ ለሚስቱ ለወለተሐና ደርሷል። ካልወጣች ቤቱ ያለ እንጀራ ይቀራል። ከወጣች ባሏ በወደቀበት አፋፍ፣ በዚያው ጉም፣ የሌለ ባሕር ለማሳየት ትቆማለች። እሷ እወጣለሁ ብላለች፤ እኛ ፈርተናል። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐምሌ ሳይገባ ያንን ወቅት ይሰርዙልን።

ጉም የማይደርስበት ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ጭቃ የማያውቀው ጫማዎንም ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ የሚገባውን ያህል አክብሮት፣ ማለትም ያለኝን ጥቂቱን፣ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ
የአንኮበር በቅሎ አከራዮች ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ መመሪያው ከመውጣቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ዓምና በጥር፣ እርስዎ ራስዎ ወላጅ እናትዎን ይዘው መጥተው ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መንገዱም ደረቅ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር በቅሎ ላይ አስቀምጦ፣ ከጎናቸው እየደገፈ እስከ ጉብታው አድርሶ የመለሳቸው ወልደአረጋይ ነው። ዛሬም አልጋው ላይ ሆኖ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?