ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም

ቁልፌ፣ የምትቀመጥበትን የጠረጴዛ ጥግ ዛሬ እኔ ይዤዋለሁና አትቆጣ፤ ስጨርስ ወንበሩን እንደነበረ ወደ ግድግዳው አስጠግቼ እመልሰዋለሁ። ስለ አንተ ለአንድ ትልቅ ሰው ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ሳይነገርህ የሚደረግ ነገር እንደማትወድ ስለማውቅ አስቀድሜ ነገርኩህ። አሮጌ ቁልፎችህ የቆርቆሮ ጣሳህ ውስጥ ናቸው። አክስታችን አቧራቸውን ልትጠርግ ፈልጋ ነበር፤ ተዪ አልኳት። በቃ፣ አሁን ወደ እሳቸው ልዙር።

ለተከበሩ የልጆች ዕድገት ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ በኮሪደርዎ ወለል ላይ በብሎን እንደታሰሩት የብረት ወንበሮች የጸና፣ ማንም ቢገፋው የማይነቃነቅ ይሁን። ቤተሰብዎም ደህና እንዲሆን፣ ልጆች ካሉዎት ደግሞ ገና ስማቸው ተጠርቶ ሳያልቅ «አቤት» የሚሉ ልጆች እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሥራዎ ብዛት ላይ ይህን ደብዳቤ መጨመሬን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የቋንቋ መምህራችን ቅሬታ በተራ ቁጥር ሲቀርብ የመነበብ ዕድል አለው ብለው ስላስተማሩን፣ እኔም በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

ጉዳዩ ታናሽ ወንድሜን ይመለከታል። ኦቲዝም እንዳለበትና እንደሌለበት መርምራችሁ በወረቀት እንድትሰጡን ካመለከትን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖናል። የመጨረሻው ደብዳቤዎ የደረሰን እሱ በተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። «ልጁ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልቀረበ ይህ የመጨረሻ ዕድል መሆኑን እያሳወቅን፣ በመጪው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ በአካል እንዲቀርብ» ይላል። እናታችን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ አጣጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀመጠችው። ስለ ሰኞው መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ። አርባ ስድስት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ተሰጠን። እናታችን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውላ ስትመጣ ዓይኗ ስለሚደክም የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሸች ትመልሳለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ «ስሙ ሲጠራ ይዞራል?» የሚል ነው። «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ «በስሙ ሲጠሩት አይዞርም፤ ቁልፍ ሲያቃጭሉለት ግን የትም ቢሆን አቤት ይላል» ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነው። ወንድሜ ሰው የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በቁልፉ ድምፅ ነው። በግቢያችን ካሉት ሰባት በሮች የትኛው እንደተከፈተ ከአልጋው ሳይነሣ ይናገራል። ጎረቤታችን ገና ከአጥሩ ውጭ ቁልፏን ከቦርሳዋ ስታወጣ «መጣች» ይለኛል። ስለዚህ እኛ ቤት እሱን የፈለገ ሰው ቁልፍ ያነሣል። ለምሳ ቁልፍ ነው፣ ገላ ለመታጠብ ቁልፍ ነው፣ እንውጣ ለማለትም ቁልፍ ነው። «ቁልፌ» የሚለውን ስም ያወጣችለትም እናታችን ናት። ቅጹ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሰልን። «ከሣጥኑ ውጭ መጻፍ ክልክል ነው» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል፤ የተጻፈውም ከሣጥኑ ውጭ ነው። በአዲስ ቅጽ ላይ ንጹሕ አድርጌ ገለበጥኩት፣ ስለ ቁልፉ የጻፍኩትን ትቼ። ሥርዓት ስላስያዙኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ስለተቀጠርንበት ቀን። ወንድሜ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እናታችን እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ከበሩ ሦስተኛው ወንበር ላይ አስቀምጣው ማኅተም ለማስመታት ወደ ሁለተኛው መስኮት ተላከች። ዘበኛችሁ ወገቡ ላይ ብዙ ቁልፎች አንጠልጥሎ በኮሪደሩ ይመላለሳል፤ ወንድሜ እነሱን እያዳመጠ ነበር። ሲስተሯ በር ላይ ቆማ ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራችና መዝገቡ ላይ «ተጠርቶ አልቀረበም» ብላ ጻፈች። እናታችን ማኅተሟን ይዛ ስትመለስ የተባባሉትን እሷ እንዳወራችልኝ አቀርባለሁ። «እናት፣ ልጁ እዚህ ካለ ለምን አቤት አላለም?» «አቤት ቢልማ እዚህ ምን ልናደርግ እንመጣ ነበር?» «እሱን ለሐኪሙ ይንገሯቸው።» «እሺ፣ ሐኪሙ ጋ አስገቢኛ!» «ያልቀረበ ልጅ እንዴት ይገባል?» ወንድሜ በዚህ ሁሉ ጊዜ በሁለቱ መካከል እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከስምንት ወር በኋላ ሆነ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ እንዲመረመር፣ መጀመሪያ ስሙ ሲጠራ እንዲዞር የሚጠይቅ አሠራር ያገኘሁት እርስዎ ዘንድ ብቻ ስለሆነ አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የሚስቁ ልጆች ሥዕል ተለጥፎ «እያንዳንዱ ልጅ ልዩ ነው» የሚል ተጽፎበታል። ፊደሉ ያምራል።

አራተኛ፣ ሁለተኛው ቀጠሮ። ይህን ጊዜ እናታችን ከወንድሜ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ስሙ ሲጠራ እጇን አውጥታ «አለ! ይኸው አለ!» አለች። ሲስተሯ በእስክሪብቶዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አሳየቻት። «ተጠሪው ራሱ ይመልስ፤ በሌላ ሰው ስም አቤት ማለት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። የሌላ ሰው ተራ የሚነጥቁ በዝተው እንደወጣ ሰምቻለሁ፤ በሕጉ ላይ ተቃውሞ የለኝም። እናታችን «ሲስተር፣ በናትሽ ቁልፍ ካለሽ አንዴ አቃጭይለት» አለቻት። የበራችን ቁልፍ አንድ ነው፣ የጣሳውን አሮጌ ቁልፎች ደግሞ እሱ አያስነካም፤ ቀድሜ የምገባው እኔ ስለሆንኩ ያን ቀን እኔ ጋ ነበር። ሲስተሯ ሳቀች አሉ። «እናት፣ እኛ ሰው ነው የምንጠራው፣ በር አይደለም የምንከፍተው።» «በሩን ብትከፍቺልኝማ ምን ነበረበት» አለች እናታችን። ወረፋ የያዙትም ሳቁ። ተጠርቶ አልቀረበም። ሌላ ስምንት ወር።

አምስተኛ፣ ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገን። ምናልባት ለጌጥ ፈልገነው እንዳይመስልዎ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ግርግሩን አይችልም፤ ጆሮውን ይዞ እግሩ ወደመራው ይሮጣል። ርእሰ መምህራችን ጥሩ ሰው ናቸው። ከደወሉ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ከእኔ ጋር እንዲወጣ ሊፈቅዱ ተስማምተው ነበር፤ «ብቻ አንድ ወረቀት አምጡልኝ፣ ነገ ሌላው ወላጅ ለምን ለእኔ ልጅ አልተፈቀደም ሲለኝ የማሳየው» አሉ። እናታችን በየወሩ ትጠየቃለች፣ «ተቀጥረናል» ትላለች። ከዚያ ትምህርት ቤቱ የድሮውን ደወል አንሥቶ ሳይረን ገጠመ። መጀመሪያ የነፋው ረቡዕ ዕለት ነው። ወንድሜ በበሩ ወጣ። አሸዋ የጫነ መኪና ነበር። ሾፌሩ በዝግታ ነበር የሚነዳው፣ ጥሩምባም ነፍቷል፤ ወንድሜን በጥሩምባ ነው የጠራው። እኔ ፎቅ ላይ ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። እርስዎ ገደሉት አላልኩም። ሾፌሩም አልገደለውም፣ ርእሰ መምህሩም አልገደሉትም። ሁሉም ሰው እንደ ደንቡ ነው የሠራው፤ ይህንንም ለቅሶ የመጡት ሁሉ እየመላለሱ ነግረውናል።

ስድስተኛው ከአምስተኛው በፊት መምጣት ነበረበት። እዚያ ላለመድረስ አዘግይቼው ነው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሳይረኑ ከመግባቱ ስምንት ሳምንት በፊት ነው። እናታችን ከፋብሪካ ፈቃድ ስለተከለከለች ወንድሜን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቁልፉ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነበር። እናታችን በር ላይ «ስሙን ሲጠሩ አንዴ አቃጭል፣ እሱ ይነሣል፣ አንተ አፍህን አትክፈት፣ ሕጋቸውም አይነካ» ብላኛለች። ከእርስዎ ክፍል ሁሉ ይልቅ እሷ አስባበት ነበር። ወንድሜን ሦስተኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አንዲት የክፍላችን ልጅ እህቷን ይዛ መጣች። ከፊት የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አናግራኛለች። ወንድሜ እየተወዛወዘ በአፍንጫው ያዜማል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ተነሥቼ ስድስተኛው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ወንድሜን አየችውና «አብራችሁ ናችሁ እንዴ?» አለችኝ። «አይ» አልኳት። «ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?» «ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

ሲስተሯ ወጥታ ስሙን ጠራች። ቁልፉን በኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። ድምፅ እንዳያወጣ ነው የጨበጥኩት። ሁለተኛ ጠራች። ወንድሜ ወደ ዘበኛው እያየ ነበር። ሲስተሯ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ልጅቷና እህቷ ከገቡ በኋላ ቁልፉን አወጣሁት። ወዲያው ዞሮ «አቤት» አለኝ። ወደ ቤት ሄድን። ለእናታችን «ጠሩት፣ እንደተለመደው ዝም አለ» አልኳት። «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። የምርመራውን ውጤት አልጠይቅም፤ የሚመረመር የለም። የምጠይቀው መዝገቡ እንዲታረም ነው። እናታችን ያን ደብዳቤ ከመታወቂያዋ ጋር ይዛ ትዞራለች፤ ለጠየቃት ሁሉ እያወጣች «አልቀረበም ይላሉ እኮ፣ እኔ እኮ አቅርቤው ነበር» ትላለች። በመጀመሪያው ቀን ትይዩ «ቀርቧል፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበር» ተብሎ ይጻፍ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ትይዩ ደግሞ «ቀርቧል፤ ወንድሙ አልቀረበም» ይባልልኝ። ሣጥኑ ከጠበበ ከሣጥኑ ውጭም ቢጻፍ ቅር አይለኝም፤ ቀዩን እስክሪብቶ የያዘው ሰው ልምድ አለው። ከዚያ ማኅተም ተደርጎበት ለእናታችን ይላክላት።

እስካሁን ላደረጉልን መስተንግዶ፣ ለቆምንባቸውም ለተቀመጥንባቸውም ሰዓታት፣ በተለይም ደብዳቤዎ ሳይጠፋና አንድም የፊደል ግድፈት ሳይኖርበት በአሥራ አንደኛው ቀን ስለደረሰን ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስምዎም በተጠራበት ሁሉ ቀና ብሎ የሚያይዎ ሰው እንዲያጋጥምዎ በመመኘት እሰናበታለሁ።

ስድስተኛው ወንበር ላይ የነበረው፣
የተጠሪው ወንድም

ሳልረሳው፦ መዝገቡን ሲያርሙ አራተኛ ቀን ያገኛሉ፤ እሱም ይታረም። ሰኞ ዕለት የመጨረሻዎቹ እንግዶች ሄደው፣ አክስታችንም ተመልሳ፣ እናታችን ወደ ፋብሪካ ገብታ ነበር። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስነሣ የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴን ታጠብኩ፣ ዩኒፎርሜን ለበስኩ። በሩን ከመዝጋቴ በፊት ቁልፉን አቃጨልኩና ጫማ አድርጎ ለመውጣት የሚፈጅበትን ያህል ቆምኩ። ከዚያ ዘጋሁና ወደ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ ወደ እናንተ መጣሁ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተሯ ስሙን ጠራች። «አቤት» አልኩ። ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ምልክት አደረገችና «ክፍል ቁጥር አራት፣ እስክትጠራ ጠብቅ» አለችኝ። ስለዚህ በእናንተ መዝገብ ወንድሜ ቀረበ የተባለው ባልመጣበት ቀን ብቻ ነው። ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ወጥቶ ስሙን ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ አልዞርኩም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ዘበኛው ሊዘጋ ቁልፎቹን ሲያቃጭል ተነሥቼ ወጣሁ።