ከክምሩ በታች ያለውን ሲፈትሹ የኖሩት ሰው የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው የማዕድን ደኅንነት ኃላፊ ከቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱበት ክፍል መስኮት የሚያሳየው ከጉድጓድ ወጥቶ የተጣለ የድንጋይ ክምር ብቻ ነበር። አባታቸው ከመሬት በታች ገብተው እንዳይሠሩ አስማሏቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው ቅየሳ ተማሩ፤ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ተመርቀው ወደዚያው ማዕድን ተመለሱ።

የተሰጣቸው ሥራ ከባድ ነበር። የጥንት ቆፋሪዎች ጉድጓድ ሲተዉ አፉን በግንድ ይረበርቡታል፤ በላዩ ለዓመታት ድንጋይ ይደፋበትና ይረሳል። ክምሩን ለማንሳት ዶዘር ሲወጣበት ግንዱ ይሰበራል። ስለዚህ እሳቸው አስቀድመው በመሰርሰሪያ ያስፈትሻሉ፤ ባዶ ሲገኝ አስሞልተው በሲሚንቶ ያስደፍናሉ። መሰርሰሪያው ጠንካራ ድንጋይ ቢነካ እንኳ እንዳይቆም፣ ይልቁንም ብዙ ጠልቆ እንዲወርድ ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው። የተጣለው ድንጋይ ከዚያው መሬት የወጣ ስለሆነ መሰርሰሪያው የሚያወጣውን ዱቄት አይቶ ክምር ይሁን ያልተነካ መሬት መለየት አይቻልም።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ባለቤታቸው ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድማቸውን እንደ ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ቀልዴ» የሚለውን ይህንን ወንድም ዶዘር ላይ ያስቀጠሩት ሟቹ ነበሩ።

አንድ ቀን መሰርሰሪያው ድንጋይ ነካ። ጥርሱ ዶልዱሟል፤ ተለዋጩ ከመጋዘን እስኪመጣ ሥራ ሊቆም ነው። ዱቄቱን በመዳፋቸው አይተው፣ «ይበቃል» አሉ። አማቻቸው ከዶዘሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እህቴን ማስለቀስ አማረህ እንዴ?» አላቸው። ሁሉም ሳቀ። እሱም እየሳቀ ዶዘሩን ክምሩ ላይ አወጣ። መሰርሰሪያው የነካው በግንዱ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ቋጥኝ ነበር። ግንዱ ተሰብሮ ዶዘሩ ሰመጠ፤ ክምሩም ተከትሎት ፈሰሰ።

ከታች ብረት ሲመታ ይሰማ ነበር። ሁለት ሰዎች ለመውረድ ወገባቸውን በገመድ አሰሩ፤ እሳቸው ከለከሉ። ባለቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ቢሮ እየሮጡ ደርሰው፣ «ይሰማኛል፣ እየመታ ነው» አሏቸው።

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይጮሃል» ብለው መለሱላቸው።

ከመምሸቱ በፊት ሁለቱ ሊወርዱበት የነበረው ዳር ተናደ። ልክ ነበሩ። ድምፁ ከቆመ በኋላ ጉድጓዱ እንዲሞላ ወሰኑ፤ የመጀመሪያውን የጭነት መኪና በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ያስገለበጡትም እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው አፅሙ እንዲወጣላቸው ለኃላፊዎች አመለከቱ። ኃላፊዎቹ መቆፈሩ አደጋ እንዳለው ሟቹን ጠየቁ፤ አለው ብለው መለሱ። በዚህም ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በእሳቸው ክምር ላይ አንድም ሰው አልሞተም። የብዙ እህቶችን ወንድሞች አትርፈዋል፤ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል።

ባለቤታቸው ትተዋቸው አልሄዱም። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አብረው አሳደጉ። ሸሚዛቸውን ተኩሰውላቸዋል፤ ምሳቸውን በሰዓቱ አቅርበውላቸዋል። በአንድ ገበታ ተቀምጠው ግን የሚነጋገሩት በልጆቹ በኩል ነበር፤ ልጆቹም ይህ የሰው ሁሉ ቤት ወግ ይመስላቸው ነበር።

ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ። ባለቤታቸው ጀርባቸው እንዳይቆስል እያገላበጡ፣ እያጠቡ አስታመሟቸው፤ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈቀዱም። በመጨረሻው ሳምንት ሕመምተኛው በተጣመመ አፋቸው ይቅርታ ጠየቁ። ባለቤታቸው አገጫቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ወንድሜን አውጣልኝና እንነጋገራለን» አሏቸው። ከዚያ ትራሱን አመቻቹላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላ ቀርተዋል። ቤተሰቡ እዚህ ላይ ባልና ሚስቱ ይቅር ተባብለው እንደተለያዩ እንዲጻፍ ጠይቆ ነበር፤ ባለቤታቸው አልፈቀዱም። በእሳቸው ፈቃድ የተጻፈው ምርቃት ይህ ነው፦ ፈጣሪ ነፍሳቸውን አማቻቸው ካለበት ያድርስልን፤ ይቅርታውን እዚያ እሱን ይጠይቁ።