እህትህ የሠራችው የክሊኒኩ በር

ልጄ፣ የሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፤ ስትወጣም ስትገባም እሱ ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን። የአባትህ እጅ መንቀጥቀጡን ባይተውም ምላሱ እንደ ድሮው ነው።

እህትህ የአባትህን የእንጨት ሥራ ቤት ከተረከበች ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ የክሊኒኩ የግቢ በር ሆነ። አባትህ «ነጩን ኮላ ቀብተሽ በምስማር ምቺው፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁበት ነው» አላት። እሷም «አባዬ፣ እሱ ለቁም ሣጥን ነው፤ ደጅ ሲሆን ዝናብ ያላቅቀዋል» አለችው። ተኮራረፉ። እኔም መሀል ቤት ጨነቀኝ።

እሷ ግን ክርክሩን ተወችና ቁራጭ እንጨቶች አንሥታ ገሚሱን በነጩ፣ ገሚሱን ውሃ በማይፈታው ኮላ አጣብቃ ባልዲ ውስጥ ነከረቻቸው። በማግስቱ «እስቲ አንተው አላቅቃቸው» አለችው። የነጩ በእጁ ተላቀቀ። የሷን በመዶሻ ሲመታው እንጨቱ ተሰነጠቀ እንጂ የተጣበቀበት ንቅንቅ አላለም። ስንጥቁን በጣቱ ዳበሰና «በይ፣ ማዕዘኑንስ እንዴት ልትገጥሚው አስበሻል?» አላት። ከዚያማ አንዱን እንጨት በሌላው ቀዳዳ እያስገቡ፣ በእንጨት ችንካር እየቆለፉ አብረው ጨረሱት።

ክረምቱን ሙሉ ዘነበበት፤ ዛሬም በአንድ ጣት ይከፈታል። የክሊኒኩ ኃላፊ አባትህን «እጅዎ ይባረክ» ቢሉት፣ ኮፍያውን አውልቆ «እጁስ የልጄ ነው» አላቸው። አጠገቡ ቆሜ ስሰማ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

አደራህን፣ ደውለህ ጎበዝ በላት፤ ካንተ አፍ ስትሰማው ሌላ ነው። አንገትህን ሳትሸፍን ብርድ ውስጥ አትውጣ። የጀመርከውን ሁሉ ያሳምርልህ።

እናትህ