በቢላ የሚቆረጠው የማቪስ ማርማላታ

መስከረም 4። የጎረቤቴ የማቪስ የፕሪም ማርማላታ ዛሬ ጠዋት ማንኪያ አላስገባ ብሎ ድርቅ አለ።

ይገርምሻል ስመኝ፣ በመንደሩ የማርማላታ ውድድር ማቪስን ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ የረታቻት ኢኒድ አየችውና «እሜቴ፣ ለጣራ መድፈኛ ይሆንሻል» አለቻት። ማቪስ ልትደፋው ስትል ነጠቅኳት። እኛ አገር ሁሉም ማርማላታ ነው፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ግን ዳቦ ላይ የሚቀባው፣ ረግቶ ብርሃን የሚያሳልፈው ጭማቂ፣ የብርቱካን ልጣጭ ያለበትም ለየብቻ ይዳኛሉ። በወንፊት ተጠልሎ በቢላ እስኪቆረጥ የሚፈላም አለ።

«በዚህኛው ተመዝገቢ» አልኳት።

«ማጭበርበር አይሆንም?»

«በወንፊት አላጠለልሽውም እንዴ?»

«አጥልዬዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ!»

ከሰዓት በውድድሩ ላይ ዳኛዋ በቢላ ቆረጠችው። ቁራጩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማቪስ አንደኛ ወጣች!

ለእማማና ለልጆቹ እንኳን አደረሳችሁ በይልኝ፤ ጋሼንም ሳሚልኝ። ይህን የምጽፍልሽ ከማርማላታው ጋር የሚበላ አይብ ልገዛ ተልኬ፣ ሱቅ ውስጥ ሰልፍ ይዤ ነው። ኢኒድ አሁን ገብታ «ማቪስ ስንት ደቂቃ ነው ያፈላችው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። አይቡን ትቼ ለማቪስ ልነግራት እየወጣሁ ነው።

ታንጉት